ፍላጻው ከመለቀቁ በፊት

ሰው ስለ ሠራው ሥራ የሚጠየቀው በየትኛው ሰዓት ስለ ነበረው ሐሳቡ ነው? እጁ በተንቀሳቀሰበት ቅጽበት ስለ ነበረው ነው፤ ወይስ ከዚያ አስቀድሞ፣ ገና በጸጥታ ተቀምጦ መሣሪያውን ሲመርጥና ሲያሰናዳ ስለ ነበረው? ይህ ጥያቄ በመጀመሪያ ሲሰሙት ለፈላስፎች ብቻ የተተወ ይመስላል። ነገር ግን ጠለቅ ብለን ብንመለከተው በየዕለቱ ከቤታችንና ከመሥሪያ ቤታችን የማይጠፋ ሆኖ እናገኘዋለን። እኛን ወደዚህ ሐሳብ የመራን ከሩቅ አገር የተላከልን አንድ ደብዳቤ ስለ ሆነ፣ አንባቢያን ታግሠው ነገሩን ከሥሩ ዠምረው እንዲከተሉን እንለምናለን።

አብሮን የተማረ አንድ ባልንጀራችን በአሜሪካ አገር፣ በኮሎራዶ ግዛት፣ በዴንቨር ከተማ አጠገብ ይኖራል። በዚያ ከተማና በአካባቢው ብዙ ኢትዮጵያውያን እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። ባልንጀራችን ከሥራ ጓደኞቹ ጋር እየወጣ አደን ለመደ፤ የለመደውም በጠመንጃ ሳይሆን በቀስት ነው። የሚያድነውም አውሬ ኤልክ ይባላል።

ኤልክ በሮኪ ተራሮች ደንና ሜዳ የሚኖር ታላቅ አውሬ ነው። ሾኒ የተባሉት የአገሩ ቀደምት ሰዎች ዋፒቲ ብለው ይጠሩት ነበር፤ ትርጓሜውም ዳሌው ነጭ የሆነ ማለት ነው። ወንዱ ከ300 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ቀንዱን ያየ ሰው የእኛን አገር አጋዘን ሊያስብ ይችላል፤ ነገር ግን የአጋዘን ቀንድ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ሲኖር፣ የኤልክ ቀንድ ግን በየዓመቱ ወድቆ እንደ ገና ይበቅላል። በፈረንጆች መስከረም ወር ወንዱ ሴቶቹን ሲሻ የሚያሰማው ጩኸት እንደ ዋሽንት የቀጠነ ነውና ከሸለቆ ሸለቆ ይሰማል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በአደን ብዛት ዘሩ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር፤ ዛሬ ግን በሕግና በጥበቃ ኃይል ቍጥሩ ወደ አንድ ሚሊዮን ገደማ ተመልሷል። ከግዛቶቹም ሁሉ ብዙ ኤልክ የሚገኘው በኮሎራዶ ነው።

ባልንጀራችን በላከልን ደብዳቤ የሆነውን እንዲህ ሲል ተረከ። ከሦስት ቀን ድካም በኋላ አንድ ታላቅ ወንድ ኤልክ በ30 ሜትር ያህል ርቀት ጎኑን ሰጥቶ ቆመለት። ቀስቱን ገትሮ ከትከሻው በስተ ኋላ፣ ሳንባው ካለበት ስፍራ ላይ አነጣጠረና ለቀቀ። ነገር ግን አውታሩ በተለቀቀበት ቅጽበት አውሬው አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ፍላጻውም የትከሻውን አጥንት መታ። ኤልኩ ጮኾ ሸሸ። ባልንጀራችን ጥቂት ከቈየ በኋላ የደሙን ዱካ ተከተለ፤ ከመንገዱም ላይ የፍላጻውን ግማሽ ዘንግ ተሰብሮ አገኘው። እስኪመሽ ፈለገ፤ በማግሥቱም እስከ ቀትር ድረስ ፈለገ፤ ደሙ ግን ከድንጋይ መካከል ጠፋ። አውሬው ይሙት ወይም ይዳን አላወቀም። በደብዳቤው መጨረሻም፣ «ወንድሜ፣ ይህ ኀጢአት ነው ወይስ አጋጣሚ? አንተ እንዲህ ያለውን ነገር ማሰብ ትወዳለህና መልስልኝ» ሲል ጠየቀን።

እኛም፣ እውነቱን እንናገር ዘንድ፣ ብዙ ሳናስብ መለስንለት። አውሬው መራመዱ በአንተ እጅ ያለ ነገር አይደለም፤ በእጅህ ባልነበረ ነገር መጠየቅ የለብህምና ልብህን አታስጨንቅ፤ ብለን ጻፍንለት። ይህን ስንጽፍ ለባልንጀራችን የራራን መስሎን ነበር።

ሁለተኛው ደብዳቤ ግን መልሳችንን አፈረሰው። እንዲህ የሚል ነበር፤ «የጻፍከው መልካም ነው፤ ግን አንድ ነገር ሳልነግርህ ቀርቼአለሁ። ፍላጻዎቹን የገዛሁ ጊዜ ሻጩን የጠየቅሁት ምን ያህል ይፈጥናሉ ብዬ ነው እንጂ አጥንት ቢገጥማቸው ምን ይሆናሉ ብዬ አይደለም። ክረምቱን ሙሉ የተለማመድሁት ከስፖንጅ በተሠራ ዒላማ ላይ ነው፤ ስፖንጅ ደግሞ አጥንት የለውም፤ አይራመድምም።» ይህን ካነበብን በኋላ ነገሩን ከመሠረቱ ማጥናት ግዴታ ሆነብን። ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው የዚያን ጥናት ፍሬ ነው።

በመጀመሪያ ጥይትና ፍላጻ የሚገድሉበት መንገድ አንድ እንዳልሆነ ማወቅ ያሻል። የአደን ጥይት በታላቅ ፍጥነቱ ሥጋውንና አጥንቱን ይሰባብራል። ፍላጻ ግን የሚገድለው በመቍረጥ ነው፤ ስለቱ የደም ሥሮችን ቈርጦ፣ ሳንባን ወይም ልብን በስቶ፣ ደም በፍጥነት እንዲፈስስ ያደርጋል። ሁለቱ ሳንባዎቹ የተበሱ ኤልክ ብዙ ሳይርቅ ይወድቃል። አንድ ሳንባው ብቻ የተወጋ እንደ ሆነ ግን ብዙ ርቆ ሊሄድና ሊሠቃይ ይችላል። ስለዚህ የፍላጻ ዋና ምግባሩ ከአንዱ ጎን ገብቶ በሌላው መውጣት ነው። ከወጣ ቍስሉ ሁለት ይሆናል፤ የሚፈስሰውም ደም ለአዳኙ መንገድ ያሳየዋል።

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። የፍላጻ ክብደት የሚለካው ግሬይን በተባለ መስፈሪያ ሲሆን፣ ስሙም የእህል ቅንጣት ማለት ነው፤ 7000 ግሬይን አንድ ፓውንድ ይሞላል። ባልንጀራችን የያዘው ፍላጻ ከነስለቱ 400 ግሬይን፣ ማለት 26 ግራም ያህል ነበር። ከአንዱ ቀስት ሁለት ፍላጻ ተለቀቀ እንበል፤ አንዱ ባለ 400 ግሬይን ሆኖ በሰኮንድ 85 ሜትር ቢጓዝ፣ ሌላው ባለ 600 ግሬይን፣ ማለት 39 ግራም የሆነው፣ በሰኮንድ ወደ 71 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ቀስቱ ለሁለቱም የሰጠው ጉልበት ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ነገር ግን ክብደትና ፍጥነት ሲባዙ የሚሰጡት ግፊት፣ የፊዚክስ መምህራን ሞመንተም የሚሉት፣ በከባዱ ፍላጻ ላይ ከቀላሉ በሩብ ያህል ይበልጣል። ቆዳና ሥጋ፣ ይልቁንም አጥንት፣ በገጠመው ጊዜ ፈጥኖ እንዳይቆም የሚያደርገው ይህ ግፊት ነው።

እንግዲያው ሁሉም ከባዱን ለምን አይመርጥም? ቢባል፣ ቀላሉም የራሱ ጥቅም አለው። ፈጣን ፍላጻ መንገዱ ቀና ነው፤ ዘገምተኛው ግን ወደ ምድር ይበልጥ ይጐብጣል። አዳኙ አውሬው በ30 ሜትር ላይ ነው ብሎ አነጣጥሮ ሳለ በእውነቱ 34 ሜትር ቢሆን፣ የአየሩን መቃወም ሳንቈጥር፣ ቀላሉ ፍላጻ ካሰበው ስፍራ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል፤ ከባዱ ግን 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ይህ የአራት ጣት ልዩነት እንኳ የማይሞላ ነገር ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ በሳንባና በደረት አጥንት መካከል ያለው ወሰን አንዳንድ ጊዜ ከዚህ አይበልጥምና።

ሦስተኛው ነገር ስለቱ ነው። አንዳንዱ ከዘንጉ ጫፍ ላይ የማይነቃነቅ ሆኖ የተተከለ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በጉዞው ላይ ሳለ ተከድኖ ቈይቶ ገላ ሲነካ የሚከፈት ነው። የሚከፈተው በአየር ላይ ሲሄድ ነፋስ አይጫወትበትም፤ ሲከፈትም ሰፊ ቍስል ያደርጋል። ነገር ግን ለመከፈት ከግፊቱ ከፍሎ ያወጣል፤ መታጠፊያውም አጥንት ቢገጥመው ሊሰበር ይችላል። ከማይነቃነቁትም መካከል ሁለት አፍ ያለው ጠልቆ ይገባል፤ ሦስትና አራት አፍ ያለው ሰፋ አድርጎ ይቈርጣል፤ ግን መቃወሙ ይበዛበታል። ከሁሉም በላይ ዶልዶም ስለት የደም ሥርን ከመቍረጥ ይልቅ ወደ ጎን ገፍቶት ያልፋል። ስለዚህ ጥንቁቅ አዳኝ የፍላጻውን አፍ ጠጕር እስኪላጭ ድረስ ይስለዋል።

በዚህ ነገር ላይ ብዙ ዘመን የደከመ ኤድ አሽቢ የተባለ አሜሪካዊ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በደቡብ አፍሪካ በናታል ግዛት በታላላቅ አራዊት ላይ ፍላጻ እንዴት እንደሚገባ ከመረመረ በኋላ፣ ምርመራውን ለብዙ ዓመታት ቀጥሎ ውጤቱን አሳትሟል። ከባድ አጥንት ለመብሳት ፍላጻው 650 ግሬይን ገደማ ቢሆን ይበጃል የሚለው ቃል ከእርሱ የተገኘ ነው። እኛን ያስደነቀን ግን ሌላው ነገር ነው። ለፍላጻ መግባት ምክንያት የሚሆኑትን ነገሮች በተራ ሲዘረዝር ክብደትን በመጀመሪያ ስፍራ አላስቀመጠውም። በመጀመሪያ ያስቀመጠው ፍላጻው ከነስለቱ የማይሰበር መሆኑን ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ ያስቀመጠውም ሳይወዛወዝ ቀጥ ብሎ መጓዙን ነው። ኀይል የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ይህ ተራ ለሰው ጠባይም የሚሠራ ይመስለናል፤ የሚሰበር ሰው ብርቱ ቢሆን፣ ጠማማም ሰው ብርቱ ቢሆን፣ ብርታቱ ጕዳት ከማብዛት በቀር ለምን ይጠቅማል?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ከላይ እንዳየነው ለሁሉ ነገር የሚበጅ አንድ ፍላጻ የለም። ቀላሉን የመረጠ ሰው፣ ርቀቱን በመገመት ልሳሳት እችላለሁ፤ ብሎ የራሱን ድካም መመስከሩ ነው። ከባዱን የመረጠ ደግሞ፣ ከአሰብሁት ስፍራ ስቼ አጥንት ልመታ እችላለሁ፤ ብሎ መመስከሩ ነው። ስለዚህ ፍላጻ መምረጥ ማለት ከገዛ ስሕተቶቻችን መካከል የትኛውን ይበልጥ እንደምንፈራ መምረጥ ማለት ነው። ማንም ሰው ይህን ምርጫ ሳይመርጥ ሊቀር አይችልም፤ አላስብበትም ያለ ሰው እንኳ ለእርሱ ሻጩ ይመርጥለታል።

እንግዲህ ከሁለቱ ስሕተቶች የትኛውን ይበልጥ መፍራት ይገባል? በእኛ አስተያየት ፍርዱ እንዲህ ነው። የርቀት ስሕተት በአዳኙ ሥልጣን ሥር ያለ ስሕተት ነው፤ ቀረብ ቢል፣ ቢለማመድ፣ በመለኪያ መሣሪያ ቢለካ፣ ወይም ርቆብኛል ብሎ ቀስቱን ቢያወርድ ይጠፋል። የአውሬው እርምጃ ግን በአዳኙ ሥልጣን ሥር አይደለም፤ ማንም ትዕግሥተኛ፣ ማንም የተለማመደ ቢሆን ሊያስቀረው አይችልም። ስለዚህ በእጃችን ያለውን ስሕተት በትጋታችን እናርቀው፤ መሣሪያችንን ግን በእጃችን ለሌለው ነገር እናሰናዳው። ባልንጀራችን ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው። በትጋት ሊያርቀው ለሚችለው ስሕተት መሣሪያ ገዛለት፤ ሊያርቀው ለማይችለው ነገር ግን ምንም አላሰናዳም።

ከዚህም የተነሣ በመጀመሪያ የጻፍንለት መልስ ሐሰት እንደ ነበረ ተረዳን። አውሬው መራመዱ አጋጣሚ ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን አውሬ እንደሚራመድ ማንም ሰው ያውቃል። የማይታወቀው ሰዓቱ ነው እንጂ ነገሩ አይደለም። ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ የታወቀ ነገር በሆነ ጊዜ፣ አላወቅሁም ማለት አይቻልም። በተጨማሪም ይህን እናስብ፤ ያ ኤልክ ባይራመድ ኖሮ ያው ሰው በዚያው ፍላጻ ገድሎት፣ ሥጋውን ተካፍሎ፣ በጓደኞቹ ዘንድ ተመስግኖ ይመለስ ነበር። አሳቡና ዝግጅቱ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ጥፋት ካለ፣ ጥፋቱ በሱቁ ውስጥ የተሠራ ነው፤ በሜዳው ላይ የሆነው ቀድሞ የተሠራውን መግለጡ ብቻ ነው። ብዙዎቻችን ንጹሓን መስለን የምንኖረው የእኛ ኤልክ ስላልተራመደ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በዚህ አስተያየት ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ እንደሚችሉ እናውቃለን። የመጀመሪያው፣ ማደኑ ራሱ ክፉ ከሆነ ስለ ፍላጻ መልካምነት መናገር ክፋትን ማሳመር ነው የሚል ነው። አደን ጨርሶ አይገባም ለሚለው ሰው ይህ ጽሑፍ ሙግት አይገጥምም፤ እርሱ ከጥያቄው ውጭ ነውና። ነገር ግን በዓል ሲመጣ በግ የምናርድ እኛ ይህን ጥያቄ ለማለፍ አንችልም። አባቶቻችን ቢላዋውን የሚስሉት በጉን ከመጣላቸው በፊት ነው እንጂ ከጣሉት በኋላ አይደለም፤ በዶልዶም ቢላዋ የሚያርድም ሰው በሽማግሌዎች ፊት ያፍራል። መግደል የተፈቀደ ነው ብሎ ያመነ ሰው፣ እንዴት እንደሚገድል የመጠየቅ ዕዳ ይቀርለታል እንጂ አይሰረዝለትም። የማይገድል ሰው ይህ ዕዳ የለበትም፤ የሚገድል ግን አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይበረታል። ምሕረት ካሰበ ለምን ጠመንጃ አይዝም? የሚል ነው። በእውነቱ ይህ ጥያቄ አዳኙን ሊያስጨንቀው ይገባል። የቀስት አዳኝ ችግሩን የመረጠው ለራሱ ደስታ ነው፤ ወደ አውሬው ለመቅረብ፣ ትንፋሹን ለመስማት፣ አውሬውም የማምለጥ ዕድል እንዲያገኝ ብሎ ነው። ይህ ሐሳብ ክብር አለው። እ.ኤ.አ. በ1911 ኦሮቪል በተባለ የካሊፎርኒያ ከተማ የተገኘው፣ የያሂ ሕዝብ የመጨረሻ ሰው የነበረው ኢሺ፣ ሳክስተን ፖፕ ለተባለው ሐኪም የቀስትን ጥበብ አስተምሮታል። ኢሺ በ1916 ከሞተ በኋላ ፖፕ ጥበቡን በመጽሐፍ አሰራጨው፤ በ1961 የተመሠረተው የቀስት አዳኞች ማኅበርም በፖፕና አርተር ያንግ በተባለው ጓደኛው ስም ተሰይሟል። ለኢሺ ግን ቀስት የሕይወቱ መሣሪያ ነበር፤ ቢስት የሚራበው እርሱ ራሱ ነበር። የዛሬው አዳኝ ቢስት ወደ ቤቱ ተመልሶ ይበላል፤ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው አውሬው ብቻ ነው። ስለዚህ ለራሱ ደስታ ሲል አስቸጋሪውን መሣሪያ የመረጠ ሰው ተጨማሪ ዕዳ ወስዷል፤ ዕዳውንም የሚከፍለው በመሰናዳትና ባለመልቀቅ ነው። ጠመንጃ የያዘ ሰው ሊለቅቅ በሚችልበት ብዙ ሰዓት፣ ቀስት የያዘ ሰው እጁን መሰብሰብ ይገባዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ ከባድ ፍላጻ የያዘ ሰው በመሣሪያው ታምኖ የማይገባውን ይለቅቃል የሚል ነው። ይህም እውነት አለው። አጥንት ይበሳል የተባለውን ፍላጻ የያዘ ሰው፣ አውሬው ፊቱን ወደ እርሱ አዙሮ ቆሞ ሳለ፣ ደፍሮ ሊለቅቅበት ይችላል። ለዚህ ያለን መልስ፣ መሣሪያ የሚሰናዳው ለስሕተት ነው እንጂ ለአሳብ አይደለም የሚል ነው። ወንዝ ሲሻገር ቢወድቅ ይይዘው ዘንድ ገመድ የታጠቀ ሰው፣ ገመድ አለኝ ብሎ ሆን ብሎ ወደ ወንዙ ቢዘልል፣ ጥፋቱ የገመዱ አይደለም። አጥንትን አስቦ የሚለቅቅ ሰው ከባዱን ፍላጻ የቀላሉ ያህል አድርጎታል፤ ለስሕተቱ የተሰናዳውን ትርፍ አስቀድሞ በልቶታልና።

አንዳንድ ሰው ደግሞ፣ ሕግ የፈቀደውን ካደረግሁ ምን ቀረብኝ? ይል ይሆናል። በኮሎራዶ ሕግ የአደን ቀስት ሲገተር ከ35 ፓውንድ፣ ማለት 16 ኪሎ ከሚያህል ኀይል ያነሰ መሆን የለበትም፤ የፍላጻውም ስለት ቢያንስ 22 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋትና ሁለት የብረት አፍ ሊኖረው ይገባል። የቆሰለውንም አውሬ ለመከተል ተገቢ ጥረት አለማድረግ በሕግ ያስቀጣል። የባልንጀራችን መሣሪያ ይህን ሁሉ ያሟላ ነበር፤ አውሬውንም ተከትሎ ፈልጓል። በሕግ ፊት ንጹሕ ነው። ነገር ግን ሕግ የሚወስነው ከዚህ በታች አትውረድ የሚባልበትን ደረጃ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ብቻ ውጣ አይልም። ሕግ ወለል ነው፤ በወለሉ ላይ የሚተኛ ሰው ግን ወለሉ አልጋ ነው ብሎ ሊከራከር አይገባውም።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ባንናገር፣ ሌላውን ለመውቀስ የቸኰልን መስለን እንታያለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የባለ ጕዳዮችን ማመልከቻ እየመረመርን አስተያየት እንጽፍ ነበር። በአንድ ቀን ብዙ መዝገብ መጨረስ እንደ ትጋት ይቈጠር ስለ ነበር፣ እኛም ፍጥነትን ወደድን። አንድ ቀን ከገጠር የመጡ የአንድ ሽማግሌ ማመልከቻ ቀረበልን። አንድ ማስረጃ የጐደለው መስሎን «ተሟልቶ ይቅረብ» ብለን ጽፈን መለስነው። ማስረጃው ግን ከመጨረሻው ወረቀት ጀርባ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ወረቀቱን አላገላበጥነውም። ሽማግሌው የጻፍነውን ሰምተው ምንም ሳይናገሩ ወጡ፤ ጕዳያቸውም የተፈጸመው ከአራት ወር በኋላ ሌላ ሠራተኛ ወረቀቱን ባገላበጠ ጊዜ ነው። በእነዚያ አራት ወራት ምን እንደ በሉና የት እንዳደሩ አናውቅም። እኛም እንደ ባልንጀራችን የደሙን ዱካ አጥተነዋል።

ያን ጊዜ ለራሳችን የሰጠነው ምክንያት፣ የሥራ ብዛት ነው፤ ወረቀቱም በደንብ አልተያያዘም፤ የሚል ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። ነገር ግን ወረቀት በደንብ ሳይያያዝ እንደሚመጣ እናውቅ ነበር፤ ይህ በየቀኑ የሚሆን ነገር ነውና። የእኛ ጥፋት ብዕሩ በወረቀቱ ላይ ባረፈበት ቅጽበት የተሠራ አይደለም። ከዚያ በፊት፣ በአንድ ጸጥ ያለ ጧት፣ ጥሩ ሠራተኛ ማለት ፈጣን ሠራተኛ ማለት ነው ብለን በልባችን ስንወስን የተሠራ ነው። ባልንጀራችን ሻጩን ምን ያህል ይፈጥናል ብሎ እንደ ጠየቀ፣ እኛም ራሳችንን ምን ያህል እንፈጥናለን ብለን ጠየቅን እንጂ፣ ፍርዳችን ወደ ነገሩ ውስጥ ምን ያህል ይገባል ብለን አልጠየቅንም። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ፣ መምህር ውጤት ሲሰጥ፣ ዳኛ ሲፈርድ ከዚሁ የተለየ አይደለም። በሌላው ሕይወት ላይ የሚያርፍ ነገር የሚለቅቅ ሁሉ ፍላጻውን የመረጠበት ሰዓት አለው።

እንግዲህ ለባልንጀራችን ሁለተኛ መልስ ጻፍንለት። የመጀመሪያው መልሳችን የተሳሳተ መሆኑን ገልጠን ይቅርታ ከጠየቅነው በኋላ ሦስት ነገር ነገርነው። አንደኛ፤ አውሬው በመራመዱ አትወቀስም፤ እንደሚራመድ እያወቅህ ባለመሰናዳትህ ግን ትወቀሳለህ፤ ይህም ወቀሳ መልካም ነው፤ አጋጣሚ ቢሆን ኖሮ ከእርሱ የምትማረው ነገር አይኖርህም ነበርና። ሁለተኛ፤ ኀዘንህ አውሬውን አይፈውሰውም፤ ስለዚህ ኀዘንህን ወደ ሥራ ለውጠው፤ የማይሰበር፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ ክብደት ያለው፣ የተሳለ ፍላጻ አሰናዳ። ሦስተኛ፤ ይህን ሁሉ ካደረግህ በኋላ፣ ምንም እንዳላሰናዳህ ሆነህ ተጠንቀቅ፤ ከተጠራጠርህ አትልቀቅ።

በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ ደብዳቤ መጣልን። ዘንጉንም ስለቱንም ለውጦ፣ 620 ግሬይን የሚመዝን ፍላጻ ከማይነቃነቅና ሁለት አፍ ካለው ስለት ጋር አሰናድቶ፣ ከ25 ሜትር በላይ ላለመልቀቅ ለራሱ ወስኖ ወደ ተራራው ወጣ። በአምስተኛው ቀን አንድ ወንድ ኤልክ በ20 ሜትር ላይ ቆመለት፤ ግን ደረቱን ወደ እርሱ አዙሮ ነበር። ቀስቱን ገትሮ ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ ጠበቀ፤ አውሬውም ጎኑን ሳይሰጠው ወደ ደኑ ገባ። ባልንጀራችን አውታሩን ቀስ አድርጎ መልሶ፣ ፍላጻውን ወደ አፎቱ ከትቶ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ተመለሰ። ጓደኞቹ፣ ያን የሚያህል ፍላጻ ይዘህ ምን አስፈራህ? ብለው እንደ ሳቁበት ጽፎልናል። ለእነርሱ የሰጠውን መልስ ግን አልጻፈልንም።

እኛም ደብዳቤውን አጥፈን በጠረጴዛችን ላይ ወደ ተከመረው መዝገብ ስንመለስ፣ አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ትዝ አለን። መታጠቂያው ሰዓት ሩጫው ሳይጀመር በፊት ያለው ጸጥተኛው ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ማንም አያየንም፤ ማንም አያመሰግነንም፤ ኋላ የምንጠየቀው ግን ስለ እርሱ ነው። በዚያም ቀን ከመዝገቦቹ ግማሹን ብቻ ጨርሰን ወጣን፤ የጨረስነውን ግን እያንዳንዱን ወረቀት አገላብጠን አይተነዋል።